ምጣድና ማዘርቦርድ

ኮምፒውተር ማንም ሳያዝዘው ድንገት ጨልሞ ወዲያው ራሱን መልሶ የሚያስነሣበት ሕመም፣ በመጻሕፍት «ዳግም መነሣት»፣ በተጠቃሚው አፍ ግን «ሪስታርት ማድረግ» የሚባለው፣ ከሌሎች የመሣሪያ ሕመሞች የሚለይበት አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ታማሚው ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ መገኘቱ ነው። ጎንደር ውስጥ፣ ማራኪ ሰፈር ካለ ቤት ሳምንቱን ሙሉ ሲወድቅ ሲነሣ የሰነበተ ዴስክቶፕ በባጃጅ ታቅፎ ፒያሳ ካለ ጠጋኝ ዘንድ ሲደርስ፣ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ሳያንገራግር ሲሠራ ይቆያል፤ ባለቤቱም «ምንም የለበትም» የሚል ቃል ሰምቶና የምርመራ ሂሳብ ከፍሎ ይዞት ይመለሳል፤ በዚያው ሰሞን፣ ቤተ ሰቡ ገና «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ብሎ ሳይጨርስ፣ ሕመሙ ያገረሻል። ከዚህ ተነሥቶ ጠጋኙን ባለማወቅ መክሰስ የተለመደ ቢሆንም፣ ጠጋኙ የተናገረው እውነት መሆኑ ወደ ኋላ ይታያል፤ ስሕተቱ ምርመራው ላይ ሳይሆን የተመረመረው ነገር ላይ ነበር።

ቤት የተገጣጠመ ኮምፒውተር ማለት ከፋብሪካ ታሽጎና ዋስትና ተጽፎለት የመጣ ሳይሆን፣ ክፍሎቹ ከየስፍራው ተለቃቅመው ባለቤቱ ወይም የባለቤቱ የእኅት ልጅ በአንዲት ካቻቪቴ ያሰባሰባቸው ማሽን ነው። ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ፣ ከመርካቶ ይመጣል፤ ራሙ፣ ማለትም ማሽኑ በሥራ ላይ ሳለ የያዘውን የሚያስታውስበት ጊዜያዊ ማኅደር፣ ከሌላ ከሞተ ኮምፒውተር ይወረሳል፤ የግድግዳውን 220 ቮልት ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት የሚያወርደው ፓወር ሰፕላይ የተባለው ሣጥን ደግሞ፣ ገንዘቡ በሌሎቹ ካለቀ በኋላ ስለሚታሰብ፣ በቀረው ብር ይገዛል። ይህ የመጨረሻው ልማድ የብዙ መከራ ምንጭ ነው። በጎንደር ይህን ዓይነት ማሽን አጥብቀው ከሚፈልጉት መካከል የሰርግ ቪዲዮ አቀናባሪዎች ይገኛሉ፤ ከጥምቀት ማግሥት አንሥቶ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ባለው አጭር የሰርግ ወቅት የተቀረጸው ሁሉ ተቆርጦ፣ ተቀጥሎና ዘፈን ተጭኖበት መውጣት ስላለበት፣ ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ ያቀናብራል፤ ሥራው ከመቶ ዘጠና እጁ አልቆ ሳለ ሪስታርት ያደረገ እንደ ሆነ ሙሽሮቹ፣ ሚዜዎቹና አጃቢው ሁሉ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ወዲያው ብቅ የሚለው የሰፈር ሊቅ «ቫይረስ ነው» ይላል፤ መድኃኒቱም «ፎርማት ይደረግ» ነው፤ ይህም በዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ እንዲጫን ማለት ነው። ይህ አስተያየት መሠረት የለሽ አይደለም። በነሐሴ 1995 ዓ.ም. ብላስተር፣ በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. ደግሞ ሳሰር የተባሉ ሁለት ትሎች፣ ማለትም ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በመረብ ራሳቸውን የሚያባዙ ተንኮለኛ ፕሮግራሞች፣ ዓለምን ሲያምሱ ዋነኛ ምልክታቸው 60 ሰከንድ ቆጥሮ ማሽኑን ዳግም ማስነሣት ነበር። ይሁን እንጂ ትሎቹ ቢያንስ አስጠንቅቀው፣ ሰከንድ እየቆጠሩ የሚመጡ ጨዋዎች ሲሆኑ፣ እዚህ የተያዘው ሕመም ያለ ማስጠንቀቂያ የሚጥል ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ትክክል የነበረ መልስ ጥያቄው ከተለወጠ በኋላም በሥራ ላይ መቆየቱ የሰፈር ሊቃውንት ብቻ ድክመት እንዳልሆነ በዚህ አጋጣሚ ማንሣት ይቻላል። ፎርማት ከተደረገ በኋላ ማሽኑ ለሁለት ቀን ደኅና ይሆናል፤ በሦስተኛው ቀን ይወድቃል።

ሌላው ማብራሪያ በአያት ደረጃ ካሉ እናቶች የሚሰነዘረው ሲሆን፣ ማሽኑ ዛር አለበት የሚል ነው፤ ይህም በችኮላ ሊናቅ አይገባውም፤ ምክንያቱም የዛር ሕክምና በጎንደር የረዥም ጊዜ ሥርዓት ያለው፣ በጽሑፍም የተመዘገበ ዕውቀት ነው። ማርሴል ግሪዮል የመራው የዳካር–ጅቡቲ የጥናት ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ ለወራት በሰፈረበት ጊዜ፣ የጉዞው ጸሐፊ የነበረው ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ ከባለ ዛሮች ጋር ውሎ ያየውን መዝግቦ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 በጎንደር ሰዎች ዘንድ ስላለው የመንፈስ ይዞታ መጽሐፍ አሳትሟል። በዚህ ሥርዓት የተያዘው ሰው የዛሩ «ፈረስ» ይባላል፤ የሐኪሙም የመጀመሪያ ሥራ ፈረሱን መምታት ሳይሆን ጋላቢውን ማናገር፣ ዛሩም ፎክሮ ስሙን እንዲናገር ማድረግ ነው፤ ስሙ ከታወቀ በኋላ የሚፈልገው ሽቶ ይሁን ጌጥ ወይም ቀለሟ የተወሰነ ዶሮ ይጠየቃል፤ ስሙ ሳይታወቅ የሚታረድ ዶሮ ግን ያው ወጥ ከመሆን አያልፍም። የኮምፒውተር ባለሙያዎች በየመጻሕፍታቸው «መጀመሪያ የስሕተቱን መለያ እወቅ» እያሉ የሚያስተምሩት ከዚህ የራቀ አይደለም።

ኮምፒውተሩ ፎክሮ ስሙን የሚናገርበት ሰዓት ሰማያዊ ገጽ የሚባለው ነው። ዊንዶውስ ሊቋቋመው የማይችል ስሕተት ሲያጋጥመው ሥራውን ሁሉ አቁሞ ለረዥም ዘመን ሰማያዊ በነበረ መደብ ላይ የስሕተቱን ስምና ቁጥር ይጽፋል፤ ይሁን እንጂ ከዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን አንሥቶ ተጠቃሚው እንዳይደነግጥ በሚል ይመስላል፣ ማሽኑ እንዲህ ያለ ስሕተት ሲገጥመው ራሱን ወዲያው እንዲያስነሣ ተደርጎ ስለሚመጣ፣ ዛሩ አፉን ከፍቶ ስሙን ሳይጨርስ ይታፈናል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መደረግ ያለበት በሥርዓቱ ቅንብር ውስጥ ገብቶ «ስሕተት ሲያጋጥም ራስህን አስነሣ» ከሚለው መስመር ላይ ምልክቱን ማንሣት ነው። ይህ ከተደረገ በኋላ ማሽኑ ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ ከቆመ ስሙ ተገኘ ማለት ነው፤ ጉዳዩም ወደ ራም፣ ወደ ዲስክ ወይም ለአንድ ዕቃ ወደተጫነ ፕሮግራም ይመራል። ምንም ሳይናገር እንደ ቀድሞው ጨልሞ የሚነሣ ከሆነ ግን፣ ዝምታው ራሱ ምስክርነት ነው፤ አንደበቱን ለመክፈት ጊዜ ያልሰጠው ነገር ከሶፍትዌር በታች፣ ማለትም ከኤሌክትሪኩ ዘንድ፣ ይገኛል።

ዊንዶውስ የየዕለት ድርጊቱን የሚጽፍበት መዝገብም አለው፤ በዚያ መዝገብ ውስጥ ከእንዲህ ያለ ውድቀት በኋላ የሚገኘው ጽሑፍ ግን «ከርነል ፓወር 41» የሚል ሲሆን፣ ትርጉሙ ማሽኑ በሥርዓት ሳይዘጋ ዳግም ተነሥቷል ማለት ብቻ ነው። ይህን ያነበቡ ብዙዎች በሽታው ተገኘ ብለው ይደሰታሉ፤ የተገኘው ግን «ሟቹ ሞቷል» የሚል የሐኪም ወረቀት ነው። የመዝገቡ እውነተኛ ጥቅም ሰዓቱን መያዙ ነው፤ እሱም ቢሆን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጽፍ፣ «9:12» ያለውና እናት «ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ» ያሉት አንድ ሰዓት መሆኑን ለመረዳት የስድስት ሰዓቱን ልዩነት ማስታወስ ያሻል። ቀኑንም ማመን የሚቻለው የማዘርቦርዱ ባትሪ፣ ያቺ የሣንቲም ቅርጽ ያላት ባለ 3 ቮልት፣ በሕይወት ካለች ነው፤ ከሞተች ሰሌዳው በኤሌክትሪክ መቋረጥ ቁጥር ወደ ተሠራበት ዘመን ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የተሠራ ሰሌዳ ያለው ቤት ባትሪው በ2018 ዓ.ም. ቢሞት፣ ኮምፒውተሩ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የአገሩን ዓመት በትክክል ያሳያል።

ሰዓትን መያዝ ለምን እንደሚጠቅም ጎንደር ማንንም ልትጠይቅ አይገባም። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ሲቋቋም በደምቢያ ሜዳ ብዙ ሕዝብ የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ገና ከልብ አልወጣም ነበር፤ ኮሌጁም ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን አብሮ ያሠለጠነው፣ በሽተኛውን ብቻ ሳይሆን በሽተኛው የተኛበትን ቤት፣ የሚጠጣውን ውኃና በደጁ ያለውን ረግረግ እንዲመረምሩ ነበር። ወባ በተለይ አንዱ ዓይነቱ ትኩሳቱን በየሦስተኛው ቀን ስለሚያመጣ፣ «መቼ መቼ ይነሣብሃል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ግማሽ ምርመራ ነው። ማሽኑን ታቅፎ ፒያሳ የወሰደው ሰው ያላሰበው ይህን ነው፤ በሽተኛውን ወስዶ ረግረጉን ቤት ትቶታል።

አንድ ደብተር ተከፍቶ በአንድ ወገን ኮምፒውተሩ የወደቀበት ቀንና ሰዓት፣ በሌላው ወገን ቤቱ በዚያ ሰዓት ያደርግ የነበረው ቢጻፍ፣ «በዘፈቀደ» የተባለው ውድቀት ቀን የሚጠብቅ መሆኑ ይገለጣል፤ ቀኑም የእንጀራ ቀን ነው። ሊጥ ተቦክቶ፣ እርሾው ሥራውን ሠርቶ ለምጣድ እስኪደርስ ሁለት ሦስት ቀን ስለሚፈጅ፣ እንጀራም በሌማት ከዚያ በላይ ስለማይቆይ፣ የብዙ ቤት ምጣድ በየሦስተኛው ቀን አካባቢ ይጣዳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት የሚፈልግ ትልቅ ጉልበተኛ ነው፤ በ220 ቮልት 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ ከመስመሩ 16 አምፔር ያህል ሲስብ፣ ጎኑ ያለው ኮምፒውተር ከ1 አምፔር እምብዛም አያልፍም። ምጣዱ ከቆጣሪው 50 ሜትር ርቆ፣ መስመሩም 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ቢሆን፣ ይህ 16 አምፔር በሽቦው ውስጥ ብቻ 12 ቮልት ያህል ያስቀራል፤ ሽቦው ቀጭን ከሆነ፣ ቆጣሪው የጋራ ከሆነና ጎረቤትም አክንባሎውን ካነሣ ጉድለቱ ይከፋል። ጨለም ጨለም የሚለው አምፑል ይህን ለዘመናት ሲመሰክር ኖሯል፤ አምፑል ግን ሲደክመው ይደበዝዛል እንጂ የጀመረውን ሰርግ አይሰርዝም።

እዚህ ላይ ፓወር ሰፕላይ እንዴት እንደሚሠራ በጥቂቱ ማብራራት ያስፈልጋል። በሣጥኑ ውስጥ ካፓሲተር የተባሉ፣ ኤሌክትሪክን ለቅጽበት የሚያጠራቅሙ በርሜል መሰል ክፍሎች አሉ፤ የአንገረብ ውኃ በተራ በሚመጣባት ከተማ ለሚኖር አንባቢ ካፓሲተር ማለት ሮቶ ነው ቢባል ማብራሪያው ያለቀ ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣውና ዛሬም በየቤቱ ማሽን በሚሠራበት ኤቲኤክስ በተባለው ደንብ መሠረት፣ የግድግዳው ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ ሮቶው ቢያንስ ለ16 ሚሊ ሰከንድ ያህል ማሽኑን ማኖር አለበት፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ አንዱ ምልልስ 20 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ ስለዚህ ደንቡ የሚጠይቀው ስንቅ ለአንድ ምልልስ እንኳ አይበቃም። ይህም ሮቶው አዲስ ሲሆን ነው። ያረጀ ካፓሲተር አናቱ ያብጣል፣ አንዳንዴም ያነባል፤ ያን ጊዜ ስንቁ ወደ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይወርዳል። ከሣጥኑ ወደ ማዘርቦርዱ ከሚሄዱት ሽቦዎች መካከል ግራጫው አንድ ሥራ ብቻ አለው፤ «ኤሌክትሪኩ ደኅና ነው» እያለ ይመሰክራል። ባለ 12 ቮልቱ መስመር ሊዋዥቅ የሚፈቀድለት ከመቶ 5 እጅ ብቻ፣ ማለትም ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት ሲሆን፣ ከዚያ ከወረደ ግራጫው ሽቦ ዝም ይላል፤ ማዘርቦርዱም ፕሮሰሰሩን፣ ማለትም የማሽኑን አንጎል፣ ወዲያው ያግዳል፤ ምስክርነቱ ሲመለስ ሁሉም ከሀ ይጀምራል። እንግዲህ ሪስታርት የተባለው ነገር ብልሽት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው፤ ኃላፊነት የሚሰማው አንድ ሽቦ ውሸት አልመሰክርም ብሎ ነው።

ሣጥኑ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ግን እንደ ሽቦው እውነተኛ ላይሆን ይችላል። «500 ዋት» የሚል ርካሽ ሣጥን የተባለውን ግማሽ እንኳ ለረዥም ጊዜ መሸከም ሲያቅተው መታየቱ የተለመደ ስለሆነ፣ ልምድ ያላቸው ገዢዎች ጽሑፉን ትተው በእጃቸው ይመዝኑታል፤ በጉን ለበዓል ሲገዙ ሽንጡን እንደሚዳብሱት ሁሉ፣ ከባድ ሣጥን በውስጡ መዳብና ብረት እንዳለው፣ ቀላሉ ግን ጠጉር ብቻ መሆኑን ያውቃሉ። ከቻይና በሚመጡ ብዙ መሣሪያዎች ላይ ደግሞ «2000 ሜትር» የሚል ትንሽ ምልክት ይታያል፤ ትርጉሙም መሣሪያው በደኅና የሚሠራው ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ሳይደርስ ባለ ስፍራ ነው የሚል ነው፤ የስስ አየር ኤሌክትሪክን የመከልከል ዐቅሙ ስለሚቀንስ በከፍታ ላይ በሽቦና በሽቦ መካከል ያለው ርቀት መስፋት ይኖርበታል። ጎንደር በ2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለ ቆመች ይህን ደንብ በጥቂቱ ትጥሳለች። ዐፄ ፋሲል በ1600ዎቹ ከተማዋን ሲመሠርቱ ምልክቱ አልነበረም። ደባርቅማ ወደ 2,800 ሜትር ስለምትጠጋ ጉዳዩን ባያነሡት ይሻላል።

ከፍታው በሌላም መንገድ ይሠራል፤ በጎንደር አንድ ክንድ አየር ከባሕር ዳርቻው አየር በአምስተኛ እጅ ያህል፣ በደባርቅ በሩብ ያህል ስለሚቀል፣ የማሽኑ ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የስሜኑ ብርድ ይህን ይክሳል ቢባልም፣ ኮምፒውተሩ የሚቀመጠው ሳሎን ነው፤ ሳሎን ውስጥ ደግሞ ቡና ይፈላል። ከሰሉ፣ ሲቆላ የሚወጣው ጭስና እጣኑ ከበጋው አቧራ ጋር ተዋሕደው በማራገቢያው ላይ የሚሠሩት ልባስ ከመጋረጃ ላይ ከሚገኘው የከፋና የሚጣበቅ ነው። ይሁን እንጂ ሙቀት የጣለው ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቶ ይቀራል እንጂ ወዲያው አይነሣም፤ ስለዚህ ለዚህ ሕመም ጀበናውን መክሰስ አግባብ አይደለም።

ራሙ ቀርቷል። ክፍሎቹ ከአዲስ አበባ ጎንደር ለመድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛሉ፤ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ የመጣ ራም ከሰገባው ትንሽ ቢላቀቅ የሚያስገርም አይደለም፤ አውጥቶ የወርቅ ቅብ ጥርሶቹን በላጲስ ጠርጎ መልሶ መሰካት የታወቀ መድኃኒት ነው፤ ከዚያም ሜምቴስት የተባለውን መመርመሪያ ሌሊቱን ሙሉ ማስኬድ ይገባል። ምርመራው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ራም አልፎ አልፎ የሚስትበት አንድ ምክንያት አለ፤ ከሕዋ የሚመጡ ጨረሮች አየሩን መትተው የሚበትኗቸው ቅንጣቶች አንዲቱን ነጥብ ከ0 ወደ 1 ሊገለብጧት ይችላሉ፤ ቅንጣቶቹም በከፍታ ስፍራ ይበዛሉ። ሆኖም የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ፣ የምድር መግነጢስ እነዚህን ጨረሮች አጥብቆ የሚመልሰው በዚሁ አካባቢ ነው፤ ደጋው የከፈተውን በር ወገቡ ይዘጋዋል። በአንድ ተራ ማሽን ላይ ይህ በጣም ብርቅ ነው፤ ለሁሉም ውድቀት መጥራቱ የሰነፍ ምርመራ ይሆናል።

መፍትሔውን በሚመለከት የተለመደው ስሕተት ሁሉንም በአንድ ቀን ማድረግ ነው። ጠበልም፣ ክኒንም፣ ጤና አዳምም በአንድ ጠዋት የወሰደ በሽተኛ ሲድን ሦስቱም ወገኖች ምስጋናውን ይሻማሉ፤ እንዲሁም ፎርማት ተደርጎ፣ ራም ተቀይሮ፣ ዲቫይደር፣ ማለትም ባለ ብዙ ሶኬቱ ማራዘሚያ፣ ተለውጦ የዳነ ማሽን በሚቀጥለው ጊዜ ሲታመም ማንም የተማረው ነገር የለም። ዲቫይደሩ መጀመሪያ ቢወጣና ማሽኑ ከግድግዳው ሶኬት በቀጥታ ቢሰካ ወጪ የለውም። ስታብላይዘር፣ ማለትም ቮልቱ ሲወርድ ከፍ፣ ሲወጣ ዝቅ የሚያደርገው መሣሪያ፣ በየቤቱ ይገዛል፤ ርካሹ ዓይነት ግን ደረጃ በለወጠ ቁጥር «ቀጭ» ሲል ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ መስመሩን ስለሚቆርጥ፣ ሮቶው ያረጀበትን ማሽን ጠባቂው ራሱ ይጥለዋል። ዩፒኤስም፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆየው መሣሪያ፣ ባትሪው ከሞተ፣ ይህም በጥቂት ዓመት የሚመጣ ነው፣ ክብደት ያለው ዲቫይደር ብቻ ሆኖ ይቀራል። ደብተሩ ባለበት ቤት ከሁሉ የረዳው ለምጣዱ ከቆጣሪው ሥር የራሱን ወፍራም መስመር ከነብሬከሩ መዘርጋትና፣ ሣጥኑን በእጅ ተመዝኖ ከባድ ሆኖ በተገኘ መተካት ነው፤ ሁለቱም በተለያየ ሳምንት፣ ከእያንዳንዱ በኋላ ደብተሩ እየታየ።

የመስመሩ ሥራ እስኪያልቅ ድረስ በእናትና በልጅ መካከል ውል መፈጸሙ አይቀርም፤ ሰርግ በሚቀናበርበት ሰዓት ምጣድ አይጣድም፣ ምጣድ በተጣደበት ሰዓት ሰርግ አይቀናበርም የሚል። በእንዲህ ያለ ውል ማን የበላይ እንደሆነ ለመገመት እንጀራውን የሚበላውን መቁጠር ይበቃል። ከሥራው በኋላ በደብተሩ ላይ የሚቀሩት ውድቀቶች ጥቂት ናቸው፤ ከእነርሱም አንዳንዱ የጎረቤት ምጣድ መሆኑ በአጥር ላይ በሚደረግ ጥያቄ ይታወቃል። ምጣድ ባልተጣደበት፣ መብራቱም ብልጭ ባላለበት ሌሊት የተመዘገቡ አንድ ሁለት ግን አይጠፉም፤ ልጁ በአንጻራቸው «ጨረር» ብሎ በእርሳስ ይጽፋል፤ አያቱም አንብቡልኝ ብለው ሰምተው፣ እርሳቸው ከመጀመሪያው የተናገሩት ይህንኑ እንደነበር፣ ልዩነቱ ስሙን አለማወቁ ብቻ እንደሆነ ይገልጻሉ።